አሥራ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ነጥብ

መነን ዓይን አላት። ይሄን ስል ሁላችንም ያለንን ዓይነት ዓይን ማለቴ አይደለም። መቱ ውስጥ ቡና የነካ ሰው ሁሉ ይመሰክርላታል። ከያዮ ይምጣ ከኖፓ፣ አንድ እፍኝ ቡና መዳፏ ላይ አድርጉላትና ዞር ብላችሁ ሳትጨርሱ ነቀዝ የነካውን፣ ዝናብ ያሻገተውን፣ ሳይበስል የተለቀመውን በጥፍሯ ነጥላ ታሳያችኋለች። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ እንጀራዋን የበላችው በዚህ ዓይኗ ነው። ለቃሚ ሆና ገብታ የመጋዘኑ ኃላፊ የሆነችውም በእሱው ነው። ታዲያ ይሄን ታውቃለች፤ ትኮራበታለችም፤ ኩራቷ ደግሞ አንዳንዴ ሰው ያስቀይማል። ሻይ ሲቀዳላት እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ሳታይ አትጠጣም። በልጇ በእድላዊት ሠርግ ቀን ሙሽራው ገና ከመኪና ሲወርድ ከሩቅ አይታው፣ «ከረባቱ ላይ ክር ወጥቷል፣ ሁለተኛው መስመር ላይ» ያለች ሴት ናት። ሙሽራው ጌድዮን ከዚያ ቀን ወዲህ ከረባት አስሮ አያውቅም።

ይህቺው መነን ግን ለማንም ነግራው የማታውቅ አንድ ፍርሃት ነበራት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ያዮ ከሰፈሩት ሰዎች ወገን ናት፤ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አገሩን ለመዱ፣ ኦሮምኛውንም ከጎረቤት ቀሰሙ፣ ኑሮ ደህና ሆነ ሲባል ሃምሳ አምስት ዓመት በሞላቸው በዓመቱ፣ «ፊቴ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትመጣብኛለች» አሉ። መጀመሪያ ዝንብ መስላቸው በእጃቸው ያባርሯት ነበር። ለልጃቸው የነገሩት ከከረሙ በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ነጥቧ ዓይናቸውን ሞልታ ያዘችው። እድላዊት ስትወለድ በጣታቸው ዳሰሷት እንጂ አላዩዋትም። «አፍንጫዋ ያንቺ ነው» ይሉ ነበር፣ ደግመው ደጋግመው እየዳሰሱ።

እንግዲህ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም. መነን ራሷ ሃምሳ አምስት ሞላት። እድላዊትም ሆዷ ገፍቶ ለሰኔ መጀመሪያ ትጠበቅ ነበር። ነገሩን ያዙልኝ፤ መነን የልጅ ልጇን ፊት በገዛ ዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ሌላ የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

አሁን ስለ ቀዳዳ ላውራ። የኢሉባቦርን ዝናብ ለማያውቅ ማስረዳት ድካም ነው። ክረምቱ አንዴ ከገባ ጣሪያው ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ካለች፣ ከሥሯ ያለው ጆንያ ሻገተ ማለት ነው። ስለዚህ መነን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ የማትቀር አንድ ሥራ አላት፤ «ብርሃን ቆጠራ» ትለዋለች። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ የመጋዘኑን ሁለት በሮች ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። ውስጡ ድቅድቅ ይላል። ያኔ ቀዳዳዎቹ ራሳቸውን ያጋልጣሉ፤ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ የስኒ አፍ የሚያህል የብርሃን ክብ ሲሚንቶው ላይ ይወርዳል። መነን ክቦቹን በጠመኔ ከብባ ትቆጥራቸዋለች፤ ከዚያ በረጅም ቀርቀሃ ጣሪያውን ከቀዳዳዋ አጠገብ ኳ ኳ ስታደርግ፣ ላይ ያለው ኩምሳ ድምፁን ተከትሎ ሬንጅ ይቀባል። ኩምሳ የመጋዘኑ ጥበቃ ነው። ጥበቃም፣ ጣሪያ ጠጋኝም፣ የሰፈሩን ወሬ አቀባይም እሱው ነው።

የዚያን ዓመት ፋሲካ እሑድ ዋለ። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ፣ መነን በሮቿን ዘግታ ጠመኔዋን ይዛ ገባች። አሥራ አንድ ክብ ቆጠረች። የመጀመሪያዋን ልትከብብ ጎንበስ ስትል መሀሏ አካባቢ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየች፤ ምስር ታህላለች፣ ከዚያም ታንሳለች። ጥራጊ መስላት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት። ነጥቧ ነጠላው ላይ ወጣች። ነጠላውን አራገፈችው። ነጥቧ አልረገፈችም።

ወደ ሁለተኛዋ ክብ ሄደች፤ አለች። ወደ ሦስተኛዋ ሄደች፤ እዚያም ያው ቦታ ላይ አለች። እስከ አሥራ አንደኛዋ ድረስ ጎንበስ ቀና እያለች አዳረሰቻቸው። መነን ሞኝ አይደለችም። አሥራ አንድ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ቆሻሻ በአንድ ዓይነት ቦታ ሊሰካ እንደማይችል ታውቃለች። ስለዚህ አሥራ አንዱም የሚጋሩትን አንድ ነገር ፈለገች፤ ወዲያው አገኘችው። ቀዳዳው ልዩ ልዩ ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን አንድ ነው፣ የእሷ።

ፀሐይዋንስ ይጋሩ የለም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ሙቱ፣ እናንተ ስትፈሩ ፀሐይን ነው የምትጠረጥሩት? መነን ሐሞቷ ፈሰሰ። ጨለማው ውስጥ ቀርቀሃዋን ተደግፋ ቆመች፣ የእናቷ እጅ ዝንብ ሲያባርር ታያት።

«እትዬ መነን!» አለ ኩምሳ ከላይ። «ኧረ ማሎ፣ እባክዎ ያንኳኩልኝ! ቆርቆሮው ጠበሰኝ እኮ!»

አንኳኳች። አሥሩን አስደፈነች። አሥራ አንደኛዋ ላይ ስትደርስ ግን፣ ከግድግዳው ጥግ ያለችው ላይ፣ ቀርቀሃዋ አየር ላይ ቀረ። ይህቺንም ካስደፈነች ነጥቧ መክፋቷንና መሻሏን በምን ታውቃለች? በጠራራ ፀሐይ ደጅ ላይ አትታያትም፤ ቡናው ላይም አትታያትም፤ የምትታያት እዚህ ጨለማ ውስጥ፣ እቺ ክብ ላይ ብቻ ነው።

«ያቺ ትቅር!» ብላ ጮኸች።

«ምን? ዝናብ ይገባል እኮ!»

«ባልዲ አስቀምጣለሁ!»

«ለምንድነው የምትቀረው?»

«አየር እንዲገባ ነዋ!»

ኩምሳ በሚስማር ቀዳዳ ስለሚገባ አየር በኦሮምኛም በአማርኛም አጉረመረመ፤ ከመነን ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ስለሌለ ግን መሰላሉን ይዞ ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መነን ቀትር በደረሰ ቁጥር በሩን በላይዋ ላይ ትዘጋለች። ክቧ ከግድግዳው ጥግ ስትደርስ በጠመኔ ትከብባታለች፣ ነጥቧንም ባለችበት ታስቀምጣታለች። በማግሥቱ ሌላ ክብ ከጎኑ፣ በሠልስቱ ሌላ። ይሄኔ ነው ጉዱ የለየለት። ነጥቧ አንድ ቦታ አትቀመጥም! መጀመሪያ መሀል ነበረች፤ በማግሥቱ ወደ ግድግዳው ሸሸት አለች፤ በሠልስቱ ባሰባት። እናቷም «ትሄዳለች» ይሉ ነበር፣ ዓይናቸውን ባዞሩበት ትከተላቸው ነበር። መነን ይሄን ስታስብ ጠመኔውን ከእጇ ጥላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አንዳንድ ቀን ደግሞ በሩን ዘግታ ሳለ ጣሪያው ላይ ኮሽታ ትሰማለች፤ ክቧም ለአፍታ ድርግም ብላ ተመልሳ ትበራለች። ጦጣ ይሆናል ብላ በቀርቀሃዋ ወደ ላይ ትወጋለች። ኮሽታው ቀጥ ይላል።

ሐኪም ቤት አትሄድም ወይ? ሄደች እንጂ። ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ «አዎ፣ እሱው ነው» የሚል ሐኪም ፊቷ ድቅን አለባትና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝታ ተመለሰች። ሰው እንዳትጠይቅ ደግሞ፣ «ይህቺ ነጥብ ትታያችኋለች?» እንዳትል፣ «የምን ነጥብ?» ያሏት ቀን አለቀላት። ሳይጠየቅ የቀረ ነገር ደግሞ ገና ቁርጡ አልታወቀም። በዚህች በዚህች ራሷን ታባብላለች።

ግንቦት አንድ ልደታ ነው። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ንፍሮውን ይዞ ደጅ ወጥቶ ተሰበሰበ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ጌድዮን እየከነፈ መጣ። አማቿ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል፤ መነጽር ያደርጋል፣ ሲደሰት ይንተባተባል። እጁ ላይ የካርቶን መነጽር ይዟል፤ በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ፀሐይ የተጋረደች ጊዜ የተከፋፈለውን፣ መስታወቱ ድቅድቅ ያለ ጥቁር የሆነውን።

«እማማ፣ እማማ! ይቺን ያድርጉና ወደ ፀሐይ አንዴ... አንዴ ቀና ብለው ይዩልኝ! እርስዎ ነዎት መጀመሪያ ማየት ያለብዎት፣ የእርስዎ ዓይን...»

«ምን ሆነ ዓይኔ?» መነን ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። «ስለ ዓይኔ ማን ምን አለህ?»

«ኧረ ማንም! ፀሐይዋን አንዴ...»

«ፀሐይ አፍጥጬ እንዳይ? ልጄን ሰጥቼህ ዓይኔን ልታጠፋው ነው? ዞር በል ከፊቴ!»

ሰው ሁሉ ንፍሮው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ምስኪኑ ጌድዮን ክው ብሎ ቆመ፤ አማት ደግሞ አማት ናትና መልስ አይሰጣትም። ለሌላው ሰው ላሳይ ብሎ ዞር ሲል ደመናው መጥቶ ግጥም አለ፣ ወዲያውም ዝናቡ ወረደ። መነጽሩን ኪሱ ከቶ፣ ተቀይሞ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ ቃል አልተነፈሰም።

ያን ዕለት ሰው ሲገባ መነን ከደጃፏ ላይ ቀረች። «እመቤቴ ማርያም፣» አለች፣ «ይቺን ነጥብ አንሺልኝ። የእድላዊትን ልጅ ፊት አይቼው ልሳመው። ግንቦት ሃያ አንድ፣ በበዓልሽ ቀን፣ ከፈይ ጃንጥላ በወርቅ ዘርፍ አስገባልሻለሁ። ስፌቱን ራሴ ነው የማየው።» ይህቺን የመጨረሻዋን የጨመረችው እምነት እንዲጣልባት ነው።

እንግዲህ ስሙ። ግንቦት ሁለት ነጥቧ ወደ ዳር ቀረበች። ግንቦት አምስት ከክቧ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ እንደ ቀጭን ጭረት ሆነች። ግንቦት ስድስት ቀትር ላይ መነን በሩን ዘጋች፣ ክቧን ጠበቀች፣ ጎንበስ አለች። ክቧ ንጹሕ ናት። ነጠላዋን ዘረጋችላት፤ ንጹሕ። መዳፏን ዘረጋችላት፤ ንጹሕ!

እልልታዋን ቆርቆሮው አስተጋባው። ኩምሳ ከጥበቃ ቤቱ እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ። «ወለደች? እድላዊት ወለደች?»

«ገና ነው! ዝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነው!»

«እኔም ደስ ብሎኛል» አለ ኩምሳ፤ ለምን ደስ እንዳለው ግን አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

ከዚያ ወዲያ የሆነችውን አትጠይቁኝ። ለቃሚዎቹን እየዞረች መነዝነዝ ጀመረች፣ እነሱም ደኅንነቷን በዚህ አወቁ። ጌድዮንን ጠርታ ዶሮ አበላችው፤ ይቅርታ ማለት አትችልበትም፣ ፈረሰኛውን ግን ለእሱ አወጣችለት። ጃንጥላውን የሰፋው ልብስ ሰፊ ዘርፉን ሦስት ጊዜ አስፈትታዋለች፤ በሦስተኛው ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን አረንጓዴው ከፈይ በወርቃማ ዘርፉ ተዘርግቶ፣ በእልልታ ታጅቦ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ካህናቱ ሳይቀሩ ስፌቱን አደነቁ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ መነን ወደ መጋዘኗ ገባች። የምትመረምረው ነገር ኖሯት አልነበረም፤ ክቧን እንደ ወዳጅ ልትሰናበታት፣ ከዚያም ኩምሳን ጠርታ ልታስደፍናት ነው። ጎንበስ አለች።

ነጥቧ አለች።

ያውም በሌላ በኩል! ባለፈው በግድግዳው በኩል ነበር የወጣችው፤ አሁን በበሩ በኩል ከጠርዙ ገባ ብላ ጉብ ብላለች። መነን ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «እመቤቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች። «ዘርፉ ነው? አንዷ ክር አምልጣኝ ነበር?» ከዚያ ዕንባዋ መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንቃ የያዘችው ዕንባ ነው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጠመኔዋን ጨብጣ፣ እንደ ሕፃን አነባች።

ኩምሳ የልቅሶ ድምፅ ሰምቶ በሩን በርገድ ሲያደርግ ያገኛት እንደዚህ ነው። ቢጠይቃት አትመልስም። «ያ ዋቅ! አምላኬ!» አለና ስልኩን አውጥቶ እድላዊት ጋ ደወለ። «እትዬ መነን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ አይናገሩኝም፣ ቶሎ ነይ።»

እድላዊትና ጌድዮን በባጃጅ ደረሱ። እድላዊት ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ገባች፤ ጎንበስ ማለት አቅቷት እናቷ ራስ ላይ ቆመች።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«የእናቴ ነጥብ መጣችብኝ» አለች መነን። ነገሩ አንዴ ከወጣ ወዲያ ማቆሚያ አልነበረውም፤ አሥራ አንዱን ክብ፣ ሽንኩርቱን፣ ስለቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። «ሄዳልኝ ነበር። ዛሬ ተመለሰች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናቴስ ለእኔ ቶሎ ያልነገሩኝ ለምን ይመስልሻል!» አለች መነን፤ ያለችው ነገር ለራሷም ገባት። ኩምሳ የበሩን ክፍተት መለስ አደረገው። ክቧ ወለሉ ላይ ደመቀች። መነን የቀርቀሃዋን ጫፍ ወደ ክቧ አስጠጋች። ከፋሲካ ወዲህ ምላሷ ላይ መጥቶ ስትውጠው የከረመችውን ጥያቄ አወጣችው።

«እዚህች ጋ ጥቁር ነጥብ አለች። ለእናንተም ትታያችኋለች?»

እድላዊት ከሆዷ አሻግራ ለማየት ትታገላለች። ጌድዮን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይወለውላል። መነን ዓይኗን ጨፈነች።

«ኤዬ! አርጌራ!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል። «አይቻታለሁ እንጂ! ከፋሲካ ጀምሮ ነው የማያት!»

ሁሉም ወደ ኩምሳ ዞሩ።

«ምን አልክ?» አለች መነን።

«ባልዲውን ልደፋ ስገባ አየኋት። ሬንጄ መሰለኝ እኮ፣ እትዬ! አሥሩን ስደፍን እቺኛዋ ላይ ጠብ ያለብኝ መሰለኝ። አይተው ይቆጡኛል ብዬ በድብቅ እየወጣሁ በናፍጣ ሳጥባት፣ በጨርቅ ስወለውላት ከረምኩ። ስትጠፋ ለቀቀች ብዬ ደስ አለኝ። ያን ዕለት በቀርቀሃ የወጉኝስ? እዚህ ጋ፣ ይኸው፣ እስከ ዛሬ ያመኛል!»

«ጦጣው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ!»

«ትታይሃለች? በእናትህ ሞት በል!»

«በእናቴ ሞት! ይቺው፣ በበሩ በኩል፣ ከጠርዙ ገባ ብላ!»

ይሄኔ እድላዊት በጎኗ ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «እኔም ታየችኝ እማዬ» አለች። «ምስር የምታህለዋ አይደለችም? ታየችኝ!» መነን አንዴ ልጇን፣ አንዴ ኩምሳን፣ አንዴ ክቧን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ዕንባውና ሳቁ ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ኩምሳን አንገቱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ሰውየው አሥራ አራት ዓመት አብሯት ሲሠራ ከእሷ ዘንድ ያገኘው መሳም ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«የታለች?» ይላል ጌድዮን መነጽሩን አድርጎ። «እኔ እኮ አልታየችኝም።»

«እቺው! የቀርቀሃውን ጫፍ አስነካሁልህ እኮ፣ ዓይን የለህም?»

ጌድዮን በደረቱ ወለሉ ላይ ተኛ። አየ። ከዚያ ይስቅ ጀመር፤ ሲስቅ መንተባተቡ ባሰበት። «እማማ! ይ... ይቺን እኮ ነው የልደታ ዕለት ላሳይዎት ስለምንዎት የነበረው! ይቺ ክብ ብርሃን ብቻ አይደለችም፣ የፀሐይዋ መልክ ናት። ቀዳዳዋ ትንሽ፣ ቤቱ ጨለማ፣ ጣሪያው ረጅም ሲሆን ፀሐይ ከነመልኳ ወለል ላይ ትወርዳለች። ነጥቧ ያለችው ፀሐይዋ ላይ ነው!»

«ፀሐይ ነጥብ አላት?»

«አላት። ከሌላው ገላዋ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው፣ ለዚህ ነው ጠቁሮ የሚታየው። እኛ ምስር የምንላት ነጥብ ምድራችንን የሚያካክሉ ብዙ ምድሮች ተደርድረው ቢሰጧት ትውጣለች። እሳቱ የሚፈነዳውም ከእንደዚህ ዓይነቷ አካባቢ ነው። የልደታ ሰሞን ፈንድቶ፣ ሩቅ ሰሜን ባሉ አገሮች ሌሊቱን ሰማዩ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ አደረ።»

«እኛ ጋስ?» አለ ኩምሳ።

«እኛ ጋ ዝናብ ነበር።»

ጌድዮን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ ወደ ግድግዳው ጥግ ዞረና ቀጥ አለ። ወለሉ ላይ የተደረደሩትን የጠመኔ ክቦች አየ፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ነጥቧ ከመሀል ወደ ዳር ደረጃ በደረጃ ስትሄድ። «ይሄን ማን ሳለው?»

«እኔ ነኛ። በሽታዬን ስከታተል።»

«የፀሐይን መዞር ነው የተከታተሉት!» ነጭ ኮፍያ ላይ ጠመኔ ስለማይታይ፣ የኩምሳን ኮፍያ ከፊት በኩል በከሰል ነጥብ አደረገበትና ትከሻውን ይዞ ቀስ እያለ ያዞረው ጀመር። ነጥቧ ወደ ጆሮው ሄደች፣ ከጀርባው ጠፋች፣ በሌላው ጆሮ በኩል ተመልሳ መጣች። «አዩ? ፀሐይ እንዲህ በራሷ ላይ ትዞራለች፤ አንዱ ዙር ሃያ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ነጥቧ አልዳነችም፣ አልታመመችም፤ ከጀርባ ዞራ ነው የመጣችው።»

«እኔ ፀሐይ ነኝ» አለ ኩምሳ መዞሩን ሳያቆም።

መነን ሁሉንም በጥሞና ሰማች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቆይ፣ ቆይ። እና እኔ ለፀሐይ በሽታ ነው ከፈይ ጃንጥላ ያስገባሁት?»

«ጃንጥላስ ለፀሐይ አይደል እንዴ የሚያዘው?» አለ ኩምሳ።

ሳቁ እዚህ ላይ ፈነዳ። እድላዊት «ኧረ ተዉኝ፣ እዚሁ ልወልድ ነው!» እያለች ሆዷን ያዘች። የባጃጁ ሹፌር ምን ተገኘ ብሎ ገባ፤ ለቃሚዎቹ ተከትለው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፤ ያ ሁሉ ሰው በደረቱ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ፀሐይን ፈለገ። ግማሹ አልታየውም። መነን ቀርቀሃዋን ይዛ በራሳቸው ላይ ትዘዋወራለች። «እቺው! ከጠርዙ ገባ ብላ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በላይዋ ላይ ስትመላለሱ አንዳችሁ እንኳ አላያችኋትም፤ እኔ ነኝ ያየኋት!» ትላለች። ዓይኔ ጠፋ ብላ የከረመችው ዓይኗ ከሁሉም ስለበለጠ መሆኑ ሲገባት፣ ኩራቷ በእጥፍ ተመለሰ። ጌድዮን ክቦቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቸው፤ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ነው። ቀዳዳዋንም ሬንጅ እንዳያስነካት ኩምሳን ለመነ፤ ባልዲው እንደተቀመጠ ቀረ።

ሰኔ ሦስት ቀን እድላዊት መቱ ሆስፒታል ወለደች፤ ሴት። መነን የባለፈውን ጊዜ በር ሳታየው አልፋ ገባች። ሕፃኗን ተቀብላ፣ እንደ ልማዷ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገቻት። ግንባሯን አየች፣ ቅንድቧን አየች፣ አፍንጫዋን አየች። «አፍንጫዋ የእናቴ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወዲህ ወዲያ ስታገላብጥ ከግራ ጆሮዋ ሥር፣ ጉንጯ ላይ፣ ስታይ ቀጥ አለች።

አንዲት ጥቁር ነጥብ። ምስር የምታህል።

መነን ቀስ ብላ ዞረች። «እዚህች ጋ...» አለች፣ «ለእናንተም ትታያችኋለች?»

«ኤዬ! አርጌራ!» አለ ኩምሳ ከበሩ ላይ፣ ለአራሷ ያመጣውን ዳቦ እንደታቀፈ፣ ገና ሳያይ።

ጌድዮን መነጽሩን እየወለወለ ቀረበ። እድላዊት ከትራሷ ቀና ብላ የልጇን ጉንጭ አየችና ፈገግ አለች። «ትታየኛለች፣ እማዬ። ማርያም ስማታለች።»

መነን ነጥቧን በጣቷ ዳሰሰቻት።

«ለካ የጃንጥላው ዘርፍ ምንም አልነበረበትም» አለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እዚያችው ላይ ሳመቻት።